ሚስቱን የሚመታ ወንድ ትምህርት ይግባ ወይስ ገንዘቡ ለመጠለያ ይሁን?

ጥያቄ፦ በአራዳ፣ በቂርቆስና በልደታ ክፍለ ከተሞች ሚስቶቻቸውን ለሚመቱ ወንዶች የጠባይ ማስተካከያ ቡድን ቢቋቋም ትደግፋላችሁ? በጀቱ ለተደበደቡ ሴቶች ከሚሆነው መጠለያ ላይ ቢቀነስስ?

የመጠለያ ሠራተኛ፦ እቃወማለሁ። መጠለያ ሲሞላ ሴትየዋ ልጆቿን ይዛ የምትመለሰው ደብዳቢዋ ቤት ነው። የቀበሌ ቤቱ ውል በእሱ ስም ከሆነ ደግሞ ደጅ የምትቀረው እሷ ናት። ሌላም አለ፦ «ትምህርት ጀምሯል» የሚለው ወሬ ብቻውን ሴቶችን ቶሎ ወደ ቤት ይመልሳል። ሽማግሌዎች የሚመጡት ይህን ቃል ይዘው ነው፤ ሰውየው ገና ሁለተኛ ሳምንቱ ሊሆን ይችላል።

አማካሪ፣ አራት ኪሎ፦ ስጋትሽ ትክክል ነው እህቴ። ግን አንዷ ብታመልጥ ሌላ አግብቶ ያችንም ይመታል። ስለዚህ እሱ ላይም መሠራት አለበት። ሥራው ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። መነሻው አሜሪካ ዱሉዝ ከተማ በ1981 እ.ኤ.አ. የተጀመረው አሠራር ነው። ከ8 እስከ 10 ወንድ፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት አወያይ፣ በሳምንት ሁለት ሰዓት፣ ቢያንስ 26 ሳምንት። አንዱ ተነስቶ ያደረገውን ይናገራል፦ «ወጡ ቀዘቀዘ ብዬ ሳህኑን ግድግዳ ላይ ወረወርኩ።» ጥያቄዎቹ ይከተላሉ። ምን እንድታደርግልህ ፈልገህ ነው? ያን ጊዜ ስለ ሚስት ምን ብለህ ታምን ነበር? ኋላ ለእናትህ እንዴት አድርገህ አቀለልከው? ልጆቹ የት ነበሩ? «አናደደችኝ» ካለ አረፍተ ነገሩን «እኔ» ብሎ እንዲጀምር ይደረጋል። አለቃው ሲያናድደው ሳህን አይወረውርም። ለዚህ ነው የንዴት መቆጣጠሪያ ሥልጠና ብቻውን የማይበቃው። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ወንዶቹ እርስ በርስ ሲተዛዘኑና አወያዩም አብሮ አንገቱን ሲነቀንቅ ነው።

ጠበቃ፣ ልደታ፦ ማን ያስገድደዋል? የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ወደ አካል ጉዳት አንቀጾች ይመራዋል። ቀላሉ ጉዳት ደግሞ፣ አንቀጽ 556 ንዑስ አንቀጽ 1፣ የሚያስቀጣው በአቤቱታ ነው። ዘመድ አስጨንቋት አቤቱታዋን ካነሳች ፋይሉ ተዘጋ። ራሱን የቻለ የቤት ውስጥ ጥቃት አዋጅም የለንም። እንግዲህ ፕሮግራሙ ከፍርድ በፊት ከመጣ ክሱን የማስቀሪያ መንገድ ይሆናል። እኔ የምቀበለው ጥፋተኛ ተብሎ ቅጣቱ በገደብ ሲታገድ፣ እንደ አንድ ግዴታ ሲሆን ብቻ ነው። ሁለቴ ከቀረ ለችሎቱ ይጻፍ። የሚሰጠውም ወረቀት «ተገኝቷል» ይበል እንጂ «ተለውጧል» አይበል፤ ነገ የልጅ አስተዳደግ ክርክር ላይ ይዞት ይቀርባል።

አስተያየት ሰጪ፣ ፒያሳ፦ ፍርድ ቤት ለምን ያስፈልጋል? ጉራጌ ዞን በ64 መንደሮች በተደረገው ጥናት ሰው ቡና እየጠጣ 14 ጊዜ ተወያይቶ፣ ወንዶች በተሳተፉበት ቡድን ወሲባዊ ጥቃት ቀንሷል። በ2016 እ.ኤ.አ. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 63 ከመቶ ሴቶች ቢያንስ በአንድ ምክንያት ባል ቢመታ ተገቢ ነው ብለዋል፤ ወንዶቹ 28 ከመቶ። ያለ አስተሳሰብ ለውጥ ፍርድ ምን ያደርጋል?

አማካሪ፣ አራት ኪሎ፦ ያ መከላከል ነው ወንድሜ። ቡና ላይ የተቀመጡት የመንደሩ ሰዎች እንጂ በድብደባ የተፈረደባቸው አይደሉም። ደብዳቢዎች ላይ የተደረጉ ግምገማዎች የሚያሳዩት ውጤት ትንሽ ነው፤ ሳልደብቅ ልናገር። ቢሆንም ትንሹም የአንዲት ሴት ሕይወት ነው።

ነርስ፦ ሰውየውን ወደ ቡድኑ ከመቀበል በፊት አንድ ነገር አይረሳ። «አንገትሽን አንቆሽ ያውቃል?» ተብላ ሚስቱ ትጠየቅ፤ ለብቻዋ፣ እሱ በሌለበት። አንቆ የሚያውቅ ሰው ገዳይ ሊሆን ይችላል። ምልክቱ ቆዳ ላይ ላይታይ ይችላል፤ ግን ድምፅ መጎርነን፣ ሲውጡ ማመም፣ ዓይን ነጭ ላይ ቀይ ነጥቦች ሊኖሩ ይችላሉ። እንዲህ ያለውን ሰው ሳምንታዊ ቡድን ውስጥ አስገብቶ ቤቱ መላክ አይገባም። እሷ ግን ሕክምናው፣ ፖሊሱና ዐቃቤ ሕጉ በአንድ ቦታ ወደሚገኙበት እንደ ጋንዲ ሆስፒታል ማዕከል ትላክ።

የመጠለያ ሠራተኛ፦ እሺ፣ በአንድ ቅድመ ሁኔታ። መጀመሪያ የምትቀጠረው የሴቶቹ አገናኝ ሠራተኛ ትሁን፤ ከመጠለያ በጀት ሳይሆን በተለየ። ከወንዶቹ አወያይ የተለየች ሰው፣ ሴትየዋ በምታነሳው ስልክ፣ እሷ በመረጠችው ሰዓት የምትደውል። የነገረቻትን ቃል ቡድኑ ውስጥ ማንም አያንሳ፤ እሱ ከሰማ ማታ ይመታታል። ሲቀር ወይም ሲባረር በዚያው ቀን ይነገራት። ለልማት ተብሎ ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሱት ሴቶች ጎረቤቶቻቸውን አጥተዋል፤ ጩኸት ሰምቶ በር የሚመታ የለም፤ ስልኳ ብቻ ነው የቀረው።

አማካሪ፣ አራት ኪሎ፦ ተቀብያለሁ። አገናኟ ሳትቀጠር አንድም ወንድ አይመዝገብ። የሥራ ቦታዋም ከቡድኑ ሕንፃ ውጪ ይሁን፤ እሱ ሲወጣ በር ላይ እንዳይገናኙ።