የእንጨት ሥራ ቤት የአቧራ ከረጢት፦ የትኛው ይገዛ፣ የትኛው ይሰፋ፣ የትኛውስ ተራግፎ ይደገም?

ጠያቂ፦
ባለ 2.2 ኪሎዋት፣ ላይና ታች ከረጢት ያለው የሰጋቱራ መሳቢያ አለን። ከመላጊያውና ከክብ መጋዙ ጋር ተያይዟል፤ አሁን ደግሞ ኤምዲኤፍ (የተፈጨ እንጨት በማጣበቂያ ተጨፍልቆ የሚሠራ ሰሌዳ) በብዛት መቁረጥ ጀምረናል። አብሮት የመጣው የላይኛው ከረጢት ተቀዷል። ለሳንደሩ (በብርጭቆ ወረቀት ለሚያሸው ማሽን) የምንጠቀምበት ባለ 20 ሊትር ቫኪዩምም አለ፤ የሱ ከረጢት ቶሎ ቶሎ እየሞላ ወጪው ከብዶናል። አዲስ አበባ ውስጥ ምን ትጠቁሙናላችሁ? አቡጀዴ አሰፍቶ መጠቀምስ ያዋጣል?

ካቢኔ ሠሪ፦
ያዋጣል አያዋጣም የሚለውን የሚወስነው የምታወጡት አቧራ ነው። የመላጊያ ፍቅፋቂና የመጋዝ ሰጋቱራ ወፍራም ስለሆነ በደንብ የተሰፋ አቡጀዴ አብዛኛውን ይይዘዋል። ከኤምዲኤፍና ከብርጭቆ ወረቀት የሚበነውን ግን አይችለውም። ዋንዛም ሆነ ዝግባ ስትልጉ የሚወጣው አንድ ነገር፣ ያንኑ እንጨት በ180 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ስታሹ የሚወጣው ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው።

ከርካሽ ማሽን ጋር የሚመጣው ከረጢት ብዙ ጊዜ 30 ማይክሮን ነው፤ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው፣ ከዚያ ልክ ያነሰውን ብናኝ ከረጢቱ ያሳልፋል ማለት ነው። ሳንባ ድረስ የሚዘልቀው ደግሞ ከ10 ማይክሮን በታች ያለው ነው። ስለዚህ 30 ማይክሮን ከረጢት ወለሉን ያጸዳል እንጂ አየሩን አያጸዳም፤ ጭራሽ መሬት ላይ ይቀር የነበረውን ደቃቅ ብናኝ አንስቶ አፍንጫችሁ ላይ ይነዛዋል። ይህን እንደ ቀላል አትዩት፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት አቧራን በ1995 እ.ኤ.አ. ካንሰር አምጪነታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ምድብ አስገብቶታል። ኤምዲኤፍ ላይ ደግሞ ከማጣበቂያው የሚወጣው ፎርማልዲሃይድ የሚባል ጎጂ ጋዝ ይጨመራል።

ስለዚህ ለእናንተ የምጠቁመው ፖሊስተር የፊልተር ፌልት (ሳይሸመን ክሩ ታምቆ የተሠራ ወፍራም ጨርቅ) ነው፤ ክብደቱ በካሬ ሜትር 500 ግራም አካባቢ፣ ማጥለያው 5 ማይክሮን ወይም ከዚያ በታች። የዱቄትና የሲሚንቶ ፋብሪካ መለዋወጫ የሚያስመጡ ነጋዴዎች ዘንድ ጠይቁ፤ እነዚያ ፋብሪካዎች አቧራ የሚይዙት በዚሁ ጨርቅ ነው። ለጌጥ ሥራ የሚሸጠው ባለ ቀለም ፌልት ሌላ ነው፤ በእጅ ሲሳብ ይሳሳል። ከሲሚንቶ ፋብሪካ የወጣ ያገለገለ ጨርቅ በነፃም ቢሰጣችሁ አትቀበሉ፤ ውስጡ የተቀበረው ሲሚንቶ እየተራገፈ ይወጣል።

መፈተኛው ቀላል ነው። ማታ መብራት አጥፉ፣ ማሽኑን አስነሱና ከረጢቱን በጎን በኩል በባትሪ አብሩበት። ጭስ የመሰለ ነገር ከጨርቁ እየወጣ በብርሃኑ ውስጥ ሲያልፍ ይታያል። አዲስ ከረጢት መጀመሪያ ላይ ትንሽ ማሳለፉ ያለ ነው፤ ውስጡ ስስ የአቧራ ሽፋን ሲይዝ እየጠበቀ ይሄዳል። ሳምንት ሠርቶም የሚያጨስ ከሆነ ጨርቁ አይሆንም ማለት ነው።

ታፒሴሪ ሠራተኛ፦
ስፌቱን ተራ ልብስ ሰፊ ጋ አትውሰዱ። የመኪና ወንበር የሚያለብስ ታፒሴሪ ጋ ሂዱ፤ ሶማሌ ተራ አካባቢ አታጡም። ማሽናቸው ወፍራም ጨርቅ ይችላል፣ ፖሊስተር ክርም አላቸው። በጥጥ ክር የተሰፋ ከረጢት ጨርቁ ሳያረጅ ስፌቱ ይበጠሳል።

ልኩን እንዲህ ያዙ። የማሽኑ ቀለበት 500 ሚ.ሜ ከሆነ ዙሪያው 1570 ሚ.ሜ ነው፤ ለስፌት 30 ጨምራችሁ 1600 ላይ ቁረጡ። ሜትር በሌለበት ቀለበቱን በሲባጎ ዙራችሁ ሲባጎውን ለኩ፤ ግማሽ ሳንቲ እንኳ ከጠበበ አይገባም፣ ከሰፋ ደግሞ ፋሸታው (ከረጢቱን ቀለበቱ ላይ የሚያስረው ማጥበቂያ) ሲጠብቅ ጨርቁ ይታጠፍና በእጥፋቱ በኩል ያስተነፍሳል። ስፌቱ ሁለት ጊዜ ታጥፎ በሁለት መስመር ይሁን። የመርፌ ቀዳዳው እንዳያሳልፍ በውስጥ በኩል ስፌቱን ማስቲሽ በስሱ ቀቡት፤ ሽታው ጨርሶ ሳይጠፋ ማሽን ላይ አትግጠሙት፣ እሳት ይይዛል። ከላይ ማንጠልጠያ ቀለበት፣ ከታች ደግሞ ቀለበቱ ላይ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ የበር ጎሚኒ ይሰፋበት።

ቁመቱን አትስሰቱ። የ1 ሜትር ከረጢት ጎኑ 1.57 ካሬ ሜትር ነው፤ 2 ሜትር ብታደርጉት 3.14 ይሆናል። ጣሪያችሁ ከፈቀደ አርዝሙት። ያው አየር በእጥፍ ስፋት ሲያልፍ ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ ብናኙም ጨርቁ ውስጥ በኃይል አይሰካም፤ መሳቡም ቶሎ አይደክምም። በዚያ ላይ በአንድ ጊዜ ስፌት የሚጨመረው ጨርቅ ብቻ ነው።

አቡጀዴ የግድ ከሆነ ሁለት ድርብ አድርጉት። ግን ከመቁረጣችሁ በፊት ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ አድርቁት። ጥጥ ስለሆነ ይሰበሰባል፤ ሳይታጠብ ተሰፍቶ በኋላ የታጠበ ከረጢት ቀለበቱ ላይ አይመለስም።

የማሽን ጥገና ባለሙያ፦
ከላይ ስለ ፌልቱ የተባለው ሁሉ ልክ ነው፤ የታችኛው ከረጢት ግን ተረስቷል። ብዙ ቤት ውስጥ የማዳበሪያ ጆንያ ታስሮ ይታያል። በዚህ ዓይነት ማሽን ላይ ማራገቢያው ከከረጢቶቹ በፊት ስላለ አየሩ ታችኛውንም ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ የጆንያው ሽመና ደግሞ ክፍት ነው። ላዩን 1 ማይክሮን ገዝቶ ታቹን በጆንያ ማሰር ገንዘብ መጣል ነው። ወፍራም ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ እሰሩ፤ የሞላበት ከውጭ ይታያል። ሁለት ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ባዶ አድርጉት። ከዚያ ካለፈ የሚሽከረከረው አየር የወደቀውን መልሶ እያነሳ ላይኛውን ይለብጠዋል፤ “ከረጢቱ ተደፈነ” ተብሎ ከሚመጣልኝ ማሽን ብዙው ችግሩ ታች ነው።

አጸዳዱ፦ በየቀኑ ሥራ ሲያልቅ ማሽኑን አጥፍታችሁ ላይኛውን በመዳፍ ከላይ ወደ ታች መታ መታ አድርጉ፣ ረግቶ እስኪወርድ 10 ደቂቃ ጠብቁ። በዱላ አይመታም፤ ፌልቱ ይሰነጠቃል። መሳቡ በመታ ብቻ የማይመለስ ሲሆን ፈትታችሁ ደጅ አውጡትና በኮምፕሬሰር ከውጭ ወደ ውስጥ ንፉት፤ ከ2 ባር አይብለጥ፣ አፉ ከጨርቁ 20 ሳ.ሜ ይራቅ። ከውስጥ ወደ ውጭ መንፋት ብናኙን ጨርቁ ልብ ውስጥ ይቀብረዋል። ይህን ሲሠራ ደቃቅ ብናኝ የሚያጠልለው ኤፍኤፍፒ2 ማስክ ግድ ነው፤ የጨርቅ ማስክ አይበቃም።

ማጠብ የመጨረሻ አማራጭ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ፣ ያለ በረኪና፣ ሳይጨመቅ፣ ጥላ ሥር ተሰቅሎ። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ከገባ እርጥቡ ላይ አቧራው ሊጥ ሆኖ ይለጠፋል፣ ክረምት ላይ ደግሞ ይሻግታል። ከታጠበም በኋላ የውስጥ ሽፋኑ ስለሌለ ለጥቂት ቀን እንደ አዲስ ያሳልፋል።

እሳቱንም ልንገራችሁ፦ በዚያው ቱቦ የብረት ግራይንደር ብልጭታ አይሳብ፤ ሚስማር ያለበት አሮጌ ጣውላም ሳይመረመር መላጊያ ላይ አይውጣ። ከረጢት ውስጥ የገባ ብልጭታ ሰጋቱራ ሥር ለሰዓታት ተዳፍኖ ይቆይና ቤቱ ከተቆለፈ በኋላ ይነሳል። ቨርኒሽ የተቀባ ነገር በብርጭቆ ወረቀት ያሻችሁ ቀን ከረጢቱን ሞላም አልሞላም ባዶ አድርጋችሁ ደጅ አሳድሩት።

የፊኒሺንግ ሥራ ተቋራጭ፦
ስለ ቫኪዩሙ እኔ ልመልስ። የወረቀት ከረጢት ዋጋው ይስባል፣ ግን በደቃቅ አቧራ ቶሎ ይደፈናል፤ የእንጨት ስንጣሪም ይበሳዋል። ፍሊስ የሚባለው ያልተሸመነ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ይወደዳል፤ ሆኖም እስኪሞላ ድረስ መሳቡ ብዙም አይቀንስም፣ እርጥበትም ይችላል። ለሳንደር ፍሊስ ግዙ። ካርቸርም ሆነ ቦሽ፣ ኢንግኮም ሆነ ቶታል፣ ስትገዙ የቫኪዩሙን ስም ሳይሆን የካርቶኑን ክፈፍና ቀዳዳውን አስተያዩ፤ አሮጌውን ይዞ መሄድ ነው። ቀዳዳው ላይ ያለው ጎሚኒ አፉን ጠበቅ አድርጎ ካልያዘ ከረጢቱ ጥሩ ቢሆንም አቧራው በጎኑ ያልፋል።

ፍሊሱን አራግፎ ደጋግሞ መጠቀም ይቻላል፤ ለሰጋቱራ ብቻ። ከካርቶኑ ተቃራኒ ያለውን ጫፍ ከመገጣጠሚያው 1 ሳ.ሜ ገባ ብላችሁ በመቀስ ቁረጡት፣ ደጅ አራግፉት። መዝጊያው እንዲህ ይሠራል፦ 20 ሚ.ሜ የኤሌክትሪክ ገመድ ማሳለፊያ የፕላስቲክ ቱቦ በቁመቱ ሰንጥቁ፣ 12 ሚ.ሜ ክብ እንጨት አዘጋጁ፤ የከረጢቱን ጫፍ እንጨቱ ላይ ሁለት ሦስት ዙር ጠቅልላችሁ ቱቦውን ከጎን አንሸራትቱበት። የቱቦው ስንጥቅ ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ካልለሰለሰ ጨርቁን ይቆርጠዋል። ስቴፕለር አይሆንም፤ እያንዳንዱ ሽቦ ሁለት ቀዳዳ ነው።

ማቆም ያለባችሁ መቼ ነው? ባዶ ሆኖም የቱቦው አፍ መዳፍ ላይ ደካማ ከሆነ፣ ወይም ከከረጢቱ ጀርባ ያለው ዋናው ፊልተር ላይ አቧራ ከታየ። ሁለተኛው ከታየ ያን ቀን ጣሉት፤ ቀጥሎ የሚገባው ሞተሩ ውስጥ ነው።

ጠያቂ፦
ለጂፕሰምና ግድግዳ ለመሰርሰርም ያንኑ ቫኪዩም እንጠቀማለን። እዚያስ ይደገማል?

የፊኒሺንግ ሥራ ተቋራጭ፦
አይደገምም። ኮንክሪትና ሴራሚክ ሲቆረጥ የሚወጣው ሲሊካ (ሳንባ የሚጎዳ ደቃቅ የድንጋይ ብናኝ) ነው፤ ሲራገፍ የሚበነው ከሥራው ይብሳል። በአውሮፓ የቫኪዩም ደረጃ ኤል የሚባለው መደብ ከአቧራው እስከ 1 በመቶ፣ ኤም እስከ 0.1 በመቶ፣ ኤች እስከ 0.005 በመቶ ነው የሚያሳልፈው። ለሲሊካ ቢያንስ ኤም መደብ ቫኪዩም ከነከረጢቱ ያስፈልጋል፤ ከረጢቱ አፉ ተዘግቶ እንዳለ ይጣላል። ኤል መደብ ማሽን ላይ ኤም ከረጢት መክተት ማሽኑን ኤም አያደርገውም።

የማሽን ጥገና ባለሙያ፦
የከረጢት ወጪ ለመቀነስ ከሁሉ የሚሻለው ከቫኪዩሙ በፊት ሳይክሎን (አየሩን እያሽከረከረ ሰጋቱራውን የሚለይ ዕቃ) መግጠም ነው። ሰጋቱራው በርሜል ውስጥ ይወድቅና ከረጢቱ ጋ የሚደርሰው ደቃቁ ብቻ ይሆናል። የፕላስቲኩን ሳይክሎን ለብቻው ገዝታችሁ በርሜሉን ምናለሽ ተራ ፈልጉ፤ ክዳኑ በብረት ቀለበት የሚጠብቅ፣ ግድግዳው ወፍራም የሆነውን። ኬሚካል የነበረበትን ተዉት። ስስ የላሜራ በርሜል አትግዙ፤ የቱቦው አፍ ድንገት ሲደፈን ቫኪዩሙ ከ200 ሚሊባር በላይ ይስባል፣ በርሜሉም ወደ ውስጥ ይጨማደዳል። የክዳኑ ጎሚኒ ትንሽ ካስተነፈሰ ሳይክሎኑ ሥራውን ያቆማል፣ ሰጋቱራው ሁሉ እንደ ድሮው ከረጢት ይገባል። ስለዚህ ገጥማችሁ እንደጨረሳችሁ ቱቦውን በመዳፍ ዝጉና ክዳኑ ዙሪያ የፉጨት ድምፅ መኖሩን አዳምጡ።