ፒስቲስን በአማርኛ ምን እንበለው? «እጅ ሰጡ»፣ «አደራ» ወይስ «አምነው ገቡ»

ጥያቄ፦

ሰላም የቋንቋ ወዳጆች። የግሪክ መንግሥታት በሮም እጅ እንዴት እንደወደቁ የሚተርክ ምዕራፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። አንድ ቃል አላሳልፍ አለኝ። ዓመቶቹ ሁሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ናቸው። በ191 ኤቶላውያን የሚባሉት ግሪኮች በሮም ተሸንፈው መልእክተኛ ይልካሉ። ታሪክ ጸሐፊው ፖሊቢዮስ እንደሚለው ራሳቸውን «ለሮማውያን ፒስቲስ» ሰጡ። ፒስቲስ በግሪክኛ እምነት ነው። «ራሳቸውን ለሮማውያን እምነት ሰጡ» ብዬ ጻፍኩ። ሳነበው ሃይማኖት የቀየሩ ይመስላል። ምን ትላላችሁ?

መልስ፦

«እጅ ሰጡ» በለውና እለፍ። ተሸነፉ፣ እጅ ሰጡ፣ አለቀ። አንባቢውን ማድከም ምን ያደርጋል?

ሌላ መልስ፦

ይቅርታ፣ እዚህ ቦታ ላይ «እጅ ሰጡ» አይበቃም። ታሪኩ የቆመው በቃሉ ላይ ነው።

ኤቶላውያን ለሮም እንግዳ አልነበሩም። በ197 ሮም የመቄዶንያውን ንጉሥ ፊልጶስ 5ኛን ኪኖስኬፋሌ ላይ ስትመታ ፈረሰኞቻቸው ከሮም ጎን ተዋግተዋል። ከድሉ በኋላ ግን ያሰቧቸውን ከተሞች አላገኙም። አኮረፉ። በ192 የሶርያውን ንጉሥ አንጥያኮስ 3ኛን ወደ ግሪክ ጠሩት። በዓመቱ እሱ ቴርሞፒሌ ላይ ተመትቶ ወደ እስያ ሲሸሽ እነሱ ሜዳ ላይ ቀሩ።

ያኔ ፋይኔያስ የሚባለው መሪያቸው የሮምን ጦር ወደሚመራው ሹም፣ ወደ ቆንስሉ ማኒዩስ አኪሊዩስ ግላብሪዮ ሄደ። ራሳችንን ለሮም ፒስቲስ ልንሰጥ ወስነናል አለው። ፖሊቢዮስ ነገሩን አይሸፋፍንም። የቃሉን ክብደት አላወቁትም፣ «ፒስቲስ» የሚለው አታሏቸው የተሻለ ምሕረት የሚያገኙ መስሏቸው ነበር ይላል። በግሪኩ ጆሮ ፒስቲስ መተማመን ነው። እኔ አምኜህ መጣሁ፣ አንተም አታሳፍረኝም እንደማለት። ለሮማዊው ግን ፒስቲስ በላቲን «ፊዴስ» ነው፤ «ዴዲቲዮ ኢን ፊዴም»፣ ራስን ለፊዴስ መስጠት፣ የታወቀ የሕግ አነጋገር ነው። ራሱን ለፊዴስ የሰጠ ሕዝብ ሰዉን፣ ከተማውን፣ መሬቱን፣ ውሃውን፣ ቤተ መቅደሱን ሳይቀር አስረክቧል። ቅድመ ሁኔታ ብሎ ነገር የለም።

ግላብሪዮ ወዲያው ትእዛዝ ይደረድር ጀመር። ከእናንተ ማንም ወደ እስያ እንዳይሻገር። የምፈልጋቸውን ሰዎች አሳልፋችሁ ስጡ፣ የአታማኒያውን ንጉሥ አሚናንደርንም ጨምሩ። ፋይኔያስ አቋረጠው። የምትጠይቀን ነገር ፍትሕም አይደለም፣ የግሪክ ወግም አይደለም አለ። ቆንስሉ፣ ራሳችሁን ከሰጣችሁ በኋላ ስለ ወግ ታወሩልኛላችሁ፣ ከፈለግሁ ሁላችሁንም በሰንሰለት አስራችኋለሁ ብሎ መለሰለት። ሰንሰለት አስመጣ። በየአንገታቸው የብረት ማነቆ እንዲገባ አዘዘ። መልእክተኞቹ ደርቀው ቀሩ። ፍላኩስና ሌሎች ሮማውያን መኮንኖች «መልእክተኞች እኮ ናቸው» ብለው ለመኑላቸው።

«እጅ ሰጡ» ብለህ ከጻፍክ አንባቢህ እዚህ ሲደርስ፣ ታዲያ እጅ የሰጠ ሰው በሰንሰለቱ ምን ያስደነግጠዋል ይላል። ልክ ነው። ጥፋቱ የተርጓሚው ነው የሚሆነው።

ሌላ መልስ፦

«አደራ» አይሆንም? «ራሳቸውን ለሮማውያን አደራ ሰጡ»። አደራ ተቀባዩን ያስረዋል። በኛ ዘንድ አደራ በላ መባል ትልቅ ነውር ነው። ኤቶላውያን የጠበቁትም ይህንኑ ይመስለኛል።

ለዚህ የተሰጠ መልስ፦

ደስ የሚል ሐሳብ ነው፤ የግሪኩን ስሜት ከሁሉም ይበልጥ የሚይዘው እሱ ነው። ግን የሮማዊውን ግማሽ ይጥለዋል። በአደራ የተቀመጠ ነገር የሰጪው ንብረት እንደሆነ ይቆያል፣ አንድ ቀን ይመለሳል። ፊዴስ ውስጥ የገባ ሰው ግን የኔ የሚለው አይቀረውም። እርግጥ ሮማውያንም ራሱን ለሰጠ ሰው ምሕረት ማድረግ ክብር ነው ይሉ ነበር። ምሕረቱን የሚመጥኑት ግን እነሱ ናቸው።

ሌላ መልስ፦

«አምነው ገቡ» በለው። በታሪካችን «እገሌ ለንጉሡ ገባ» ሲባል ተገዛ፣ ገበረ ማለት ነው። በጣልያን ወረራ ጊዜም «ለጣልያን ገባ» ይባል ነበር። ስለዚህ «አምነው» የሚለው የኤቶላውያኑን ልብ ይይዛል፣ «ገቡ» የሚለው የሮማውያኑን ሕግ። አንባቢ መጀመሪያ «አምነው»ን ይሰማል። ሰንሰለቱ ሲመጣ ነው «ገቡ» የሚከብደው። «እምነት» ሃይማኖት ሃይማኖት የሸተተህ ደግሞ ያለ ምክንያት አይደለም። የግእዙ ሐዲስ ኪዳን ይህንኑ ፒስቲስን «ሃይማኖት» ብሎ ነው የመለሰው።

ከጠያቂው፦

ተባረኩ! እንዲህ አስተካከልኩት፦ «ኤቶላውያን ምሕረት እናገኛለን ብለው ሮማውያንን አምነው ገቡ።» አሁን ሌላ ጣጣ አለ። ወረድ ብሎ የመቄዶንያው ንጉሥ ፐርሴዎስ ላይ ያው ሐረግ ተመልሶ ይመጣል። በአንድ ዓይነት ልተርጉመው?

መልስ፦

በፍጹም። ፐርሴዎስ በ168 ፒድና ላይ ተሸንፎ ሳሞትራቄ ደሴት ላይ ቤተ መቅደስ ተጠግቶ ነበር። ለአሸናፊው ለኤሚልዮስ ፓውሉስ ደብዳቤ ጻፈ፤ ራሱን «ንጉሥ» ብሎ። መልስ አላገኘም። ማዕረጉን አውጥቶ እንደገና ጻፈ። ፓውሉስ ግን፣ ራስህንና ያለህን ሁሉ ለሮም ሕዝብ ፊዴስና ምሕረት ስጥ ብሎ ድርቅ አለ። ያኔ የቃሉን ዋጋ የማያውቅ የግሪክ ንጉሥ አልነበረም። ፐርሴዎስን ያታለለው ቃል የለም፤ መሄጃ አጥቶ ነው። ለእሱ «እጁን ሰጠ» ትክክለኛው ነው። የደብዳቤውን ነገር ግን ቦታ ለመቆጠብ ብለህ እንዳታሳጥረው። በ167 ሮም መቄዶንያን ለ4 ከፍላ ያለ ንጉሥ ስታስቀራት አንባቢህ ማዕረጉ መጀመሪያ የተፋቀበትን ቦታ አይቶ መምጣት አለበት።