ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት የተኛችው ልጄ ኩላሊቷ ታመመ

ልጄ 1 ዓመት ከ4 ወሯ ነው። አንጀቷ ታጥፎ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ የሽንት ቱቦ ከገባላት ዛሬ 5ኛ ቀኗ ነው። ቁስሏ እየደረቀ ሳለ ትኩሳቷ 39 ገባ፣ ያስመልሳታል፣ ጎኗን ስነካት ትጮኻለች። ኢንፌክሽኑ ኩላሊቷ ደርሷል አሉኝ። የማጠባት፣ የማጸዳት እኔ ነኝ። ምን አጎደልኩባት?

መልስ (የሕፃናት ክፍል ነርስ)፦ እህቴ፣ ምንም አላጎደልሽም። ቱቦው በቆየ ቁጥር ጀርም የመግባት ዕድሉ ይጨምራል፤ ብዙ ጊዜ ኢ. ኮላይ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ ወደ ሽንት ፊኛ፣ ከዚያም ወደ ኩላሊት ይወጣል። የሽንት ካልቸር (በሽንቷ ያለውን ጀርም አሳድጎ የሚለይ ምርመራ) ተልኳል? ውጤቱ ከ1 እስከ 2 ቀን ይፈጃል፤ የሚበጃትን መድኃኒት የሚለየው እርሱ ነው። ከቱቦው ጋር ከተያያዘው የሽንት ማጠራቀሚያ ከረጢት የተወሰደ ናሙና ግን ከረጢቱ ውስጥ በሚራባ ጀርም ስለሚበከል አያስተማምንም። ቱቦው አሁንም ያስፈልጋት እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቂ።

መልስ (ሌላ ወላጅ)፦ የእኔም ልጅ እንዲሁ ታሞ መድኃኒቱን በደም ሥር ጀምሮ በሽሮፕ 10 ቀን ጨረሰ። ትኩሳቱ የለቀቀው በ3ኛው ቀን ነው፣ አይዞሽ። አልትራሳውንድ ይታዘዝላት፤ የልጄ አንዱ ኩላሊት ማበጡ የታወቀው በዚያ ነው።

ጠያቂዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ናሙናው ከከረጢት ነበር የተወሰደው። ሐኪሙ ሳይወጣ ልድረስበት።