«እስካሁን ታጠቢዋለሽ?» ለሚሉ ዘመዶች ምን ብዬ ልመልስ?

ጥያቄ፦ የ22 ወር ልጅ እናት፣ አዲስ አበባ

ውድ እናቶች፣ ምክራችሁን ፈልጌ ነው። ወንድ ልጄ 22 ወር ሞልቶታል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው የ90 ቀን ፈቃድ አልቆ ወደ መሥሪያ ቤት ስመለስ ጡቴን እያለብኩ ለሞግዚቷ አስቀምጥ ስለነበር ማጥባቴ አልተቋረጠም። አሁን የሚጠባው ከሥራ ስገባ፣ ሊተኛ ሲልና ጎህ ሲቀድ ብቻ ነው፤ ገንፎውንም ፍርፍሩንም በደንብ ይበላል፤ ጤናውም ደህና ነው።

ነገሩ የተበላሸው አማቴ ከደብረ ማርቆስ ለጥምቀት መጥተው የሰነበቱ ጊዜ ነው። ቡና ተፈልቶ ጎረቤቶችና የባለቤቴ አጎት በተሰበሰቡበት ልጄ እየሮጠ መጥቶ የሹራቤን አንገት ሲጎትት፣ አማቴ ስኒያቸውን ረከቦቱ ላይ መልሰው «አንቺ ልጅ፣ እስካሁን ታጠቢዋለሽ? ይኼ እኮ ነገ ሚስት የሚያገባ ጎረምሳ ነው!» አሉኝ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። አጎትየውም «አሁንማ ወተቱ ውኃ ሆኗል» ብለው ጨመሩበት፤ ባለቤቴ ግን ስልኩ ላይ አቀረቀረ። እኔም ፈገግ ለማለት ሞክሬ ልጄን አቅፌ ወደ መኝታ ቤት ገባሁ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ እንግዳ በመጣ ቁጥር በገዛ ቤቴ ተደብቄ ነው የማጠባው። የባለቤቴ እህት ደግሞ እሬት ብቀባበት በሦስት ቀን እንደሚረሳው ሳትነግረኝ የምታልፍበት ቀን የለም።

አማቴን እወዳቸዋለሁ፤ ስወልድ ሁለት ወር ሙሉ ያረሱኝ እሳቸው ናቸው። ለፋሲካ ተመልሰው ይመጣሉ። ሳላስቀይማቸው፣ ልጄንም ያለ ጊዜው ጡት ሳላስጥል፣ ምን ብዬ ልመልስላቸው?

መልስ 1፦ የአራት ልጆች እናት፣ ደሴ

እኅቴ፣ በእኛ ቤት ይህ ክርክር ብዙ አይሄድም፤ በሱረቱል በቀራ ቁጥር 233 ላይ ማጥባትን መሙላት ለሻ ሰው እናቶች ልጆቻቸውን ሁለት ሙሉ ዓመታት እንደሚያጠቡ ተጽፏልና፣ ሁለት ዓመት ባልሞላው ልጅ ላይ «እስካሁን» የሚል ዘመድ አልገጠመኝም። አማትሽ ቤተ ክርስቲያን የሚያዘወትሩ ከሆነም፣ ሐና ሳሙኤልን ጡት እስክታስጥለው ድረስ ወደ ሴሎ አልወጣም ብላ ቤቷ መቅረቷን ሳይሰሙት አይቀሩም፤ ይህን የነገረችኝ ክርስቲያን ጎረቤቴ ናት። ይሁን እንጂ አማትን በጥቅስ መርታት የሚያተርፈው ነገር ስለሌለ እኔ ብሆን ጥቅሱን በልቤ ይዤው እቀመጣለሁ።

ሦስተኛ ልጄ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖት ሲጠባ የእኔም አማት በሰው ፊት ደጋግመው ይጠይቁኝ ነበር። አንድ ቀን ለብቻችን ምስር እየለቀምን ሳለ «እማማ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፣ ምኑ ነው ያሳሰበዎ?» አልኳቸው። ዝም ብለው ጥቂት ለቀሙና «ጡት ይዘሽ መቼ ልታረግዢ ነው?» አሉኝ። ለካ ነገሩ ሌላ የልጅ ልጅ መመኘት ኖሯል። ማጥባት እርግዝናን ይከላከላል የሚባለው ሕፃኑ ስድስት ወር ሳይሞላው፣ ቀንም ሌሊትም ከጡት በቀር ሌላ ሳይቀምስ፣ የእናትየውም የወር አበባ ሳይመለስ ብቻ እንደሆነ ጤና ጣቢያ ተነግሮኝ ነበርና ያንኑ አስረዳኋቸው። ከዚያ በኋላ ስለ ጡቱ አንድም ቀን አላነሡም፤ ስለ እርግዝናው ግን አሁንም ይጠይቁኛል።

መልስ 2፦ አዋላጅ ነርስ፣ ባሕር ዳር

«ወተቱ ውኃ ሆኗል» የሚለውን በየሳምንቱ እሰማዋለሁ፤ እውነት ግን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ የሚመክሩት ሕፃኑ እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ እንዲጠባ፣ ከዚያም ከተጨማሪ ምግብ ጋር እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ እንዲቀጥል ነው። በሁለተኛው ዓመት እንኳ ልጁ ከሚያስፈልገው ኃይል ሲሶ የሚሆነውን የእናት ጡት ወተት ሊሸፍንለት ይችላል፤ ታሞ ምግብ በሚዘጋበት ጊዜ ደግሞ ጡት ብቻ የሚቀበል ልጅ ብዙ አይቻለሁ።

ሆኖም የሚጠይቅ ዘመድ ሁሉ ተሳስቷል ማለት አይደለም። አንዲት አያት የ18 ወር የልጅ ልጃቸውን አዝለው መጥተው «ቀኑን ሙሉ ጡት ላይ ነው፣ እህል አይቀምስም» ብለው ሲያመለክቱ እናትየው ተቆጥታ ነበር፤ ልጁ ሲመረመር ግን ደም ማነስ ተገኘበት። ከስድስት ወር በኋላ የጡት ወተት ብቻውን የልጁን የብረት ማዕድን ፍላጎት አያሟላም፤ ስለዚህ ምስሩ፣ እንቁላሉና ከተገኘም ሥጋው ይቅደም፣ ጡቱ ይከተል። የእርስዎ ልጅ በደንብ የሚበላ ከሆነ ይህ ስጋት የለበትም፤ አማትዎን የሚያሳስባቸው የልጁ ክብደት ከሆነ ግን ከቃል ይልቅ የክትትል ካርዱን ከፍተው የእድገቱን መስመር ቢያሳዩአቸው ይሻላል።

ስለ እሬቱም አንድ ነገር ልበል። በድንገት ማስጣል ልጁን ከማስለቀሱም በላይ የእናትየው ጡት እንዲያብጥና እንዲቆጣ፣ አንዳንዴም እንዲመረቅዝ ያደርጋል። ጊዜው ደርሷል ብለው ሲወስኑ አንዱን የማጥቢያ ሰዓት ያስቀሩ፤ ጥቂት ቀን ቆይተው ሌላውን ያስከትሉ። ቢያረግዙም «የእርጉዝ ጡት ልጅን ያሳምማል» የሚለው አያስደንግጥዎ፤ ወተቱ ሊቀንስና ኋላም ወደ እንገር ሊለወጥ ይችላል እንጂ ለሚጠባው ልጅ መርዝ አይሆንም። ደም የታየባት ወይም ካሁን ቀደም ያለ ቀኗ የወለደች እናት ግን ሐኪሟን ታማክር።

መልስ 3፦ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

እዚህ ያለው የልጄ ሐኪም ምንም አላለኝም፤ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ እናትና ልጅ እስከፈለጉ ድረስ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ መቀጠላቸውን ደግፏል። ያስቸገረኝ በስልክ የሚመጣው ነው። አክስቴ በቪዲዮ እያወራን ልጄ ሲጠባ አይታ «አሜሪካ ተቀምጠሽ ወተት መግዣ አጣሽ እንዴ?» አለችኝ፤ ዘመዶቻችን ዘንድ ከተማ የገባ ሰው ልጁን በጡጦ ያሳድጋል፣ ጡት የሚበረክተው ሌላ ለሌለው ነው የሚል አስተሳሰብ አለ መሰለኝ። ማስረዳቱ ሲሰለቸኝ «አልተወደደም አክስቴ፣ ይኼኛው ስለሚጣፍጠው ነው» ብዬ ወሬውን ወደ እሷ ጉልበት ሕመም እመልሰዋለሁ።

መልስ 4፦ አባት፣ ሐዋሳ

ስልኩ ላይ ያቀረቀረው ባል እኔም ነበርኩና ልናገር። በአጎቴ ፊት ስለ ባለቤቴ ጡት መናገር አሳፍሮኝ ነው ዝም ያልኩት፤ እሷ ግን ከእነሱ ጋር የተስማማሁ መስሏት ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። ከዚያ በኋላ የእኔን ወገን እኔ፣ የእሷን ወገን እሷ እንድትመልስ ተስማማን። ለእናቴ ያልኳት «እማዬ፣ እንድትቀጥል የጠየቅኳት እኔ ነኝ» ብቻ ነው። ይህ ቃል ከምራት አፍ ቢወጣ ክርክር ይሆን ነበር፤ ከልጇ አፍ ሲወጣ ግን «እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ» ብላ ተወችው። ባለቤትሽ ይህን ቢያነብ ደስ ይለኛል።

ጠያቂዋ፣ ከፋሲካ በኋላ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጽሑፉን ለባለቤቴ አስነበብኩት፤ አንብቦ ሲጨርስ እናቱን ራሱ እንደሚያናግር ቃል ገባልኝ። ሳይደርስበት ቀረ እንጂ። ቅዳሜ ሹር ማታ ከአማቴ ጋር ሽንኩርት እየላጥን የደሴዋ እኅት እንዳደረገችው ለብቻችን ጠየቅኋቸው፤ ግን ጥያቄውን ገልብጬ «እርስዎስ የመጨረሻውን መቼ አስጣሉት?» አልኳቸው። የመጨረሻው ባለቤቴ ነው። አማቴ ቢላዋቸውን አስቀምጠው ሳቁ፤ ሦስት ዓመት እንዳለፈውና ጡት ሲያምረው ዱካውን ከጓዳ እየጎተተ አምጥቶ «እማ፣ ተቀመጪ» ይላቸው እንደነበር ነገሩኝ። ባለቤቴ ይህን ከሳሎን ሰምቶ ቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመረበት።

በማግስቱ አጎትየው የውኃውን ነገር ሊያነሡ ሲሉ አማቴ «ተወው፣ አባቱም እንዲሁ ነበር» ብለው አስቆሟቸው። እኔም ሳልደበቅ እዚያው ሶፋው ላይ አጠባሁ። የባለቤቴ እህት ግን እሬቱን በላስቲክ ቋጥራ ይዛልኝ መጥታ ስለነበር፣ አመስግኜ ተቀብያት በረንዳ ላይ ተክዬዋለሁ።