«ብቸኛ በረራ» ወይስ «የብቻ በረራ»?

ሰላም፣ አንዲት ቅጽል አላላውስ ብላኛለችና እርዱኝ። ቻርልስ ሊንድበርግ በ1927 እ.ኤ.አ. ረዳት አብራሪ ሳይዝ፣ የትም ሳያርፍ ከኒውዮርክ ፓሪስ ስለገባበት በረራ አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። «ብቸኛ በረራ» ብል ሌላ በረራ ያልነበረ ይመስላል። «ብቸኛ አብራሪ» ደግሞ ይባስ፤ ሰውየው ወዳጅ ዘመድ የሌለው ሆኖ ቁጭ አለ! «የብቻ በረራ» ሐሳቡን ይይዛል፣ ለጆሮዬ ግን ጎደሎ ነው። «ብቻውን በረረ» ማለት እንደሚቀል አውቃለሁ፤ ርዕሱ ላይ ግን ግስ አልፈልግም። «ነጠላ»ን ለዘፈን ትቼዋለሁ። ራይንሆልድ ሜስነር በ1980 እ.ኤ.አ. ኤቨረስትን ብቻውን የወጣበትንም በዚያው ቃል ልጠራው ስለምፈልግ፣ ለሁለቱም የሚሆን ቅጽል ካላችሁ ከነምሳሌው ጻፉልኝ። «ሶሎ» በል እንዳትሉኝ ብቻ፤ አርታኢዬ አይቀበለውም።