በባሌት እግር ወደ ውጭ ሲዞር ተማሪዬን ጉልበቷን የሚያማት ለምንድን ነው?

የሐይቅ ዳር አሠልጣኝ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች። በባሕር ዳር፣ ከጣና ዳርቻ ብዙም በማይርቅ የኪራይ አዳራሽ ውስጥ ከ9 እስከ 15 ዓመት ለሆናቸው አሥራ አንድ ልጆች ቅዳሜና እሑድ ዳንስ አስተምራለሁ። ባሌትን የተማርኩት አዲስ አበባ በነበርኩባቸው ሦስት ዓመታት ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ያወቅሁትን ያወቅሁት ቪዲዮ በመመልከት ነው። ስለዚህ እንቅስቃሴውን አሳይቼ ማስደገም እችላለሁ፤ የትኛው ጡንቻ እንደሚሠራው ስጠየቅ ግን አጥጋቢ መልስ የለኝም።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳችኝ የ13 ዓመት ተማሪዬ ናት። እጅግ ትጉ ልጅ ናት፤ በቪዲዮ እንዳየቻቸው ዳንሰኞች የሁለት እግሮቿ ጣቶች በተቃራኒ አቅጣጫ እንዲያመለክቱና ተረከዞቿ ተገጣጥመው አንድ ቀጥ ያለ መስመር እንዲሠሩ ትፈልጋለች። ቆማ ስለማይሆንላት መጀመሪያ ፕሊዬ ትወርዳለች፣ ጉልበቷ ታጥፎ ሳለ የእግሯን መዳፎች በሰፊው ትከፍታለች፣ ከዚያም መዳፎቿን ሳታንቀሳቅስ ጉልበቷን ትዘረጋለች። ዘዴውን እኔም በልጅነቴ ስለተጠቀምኩበት አልከለከልኳትም። ከሁለት ወር ወዲህ ግን የጉልበቶቿ ውስጠኛ ጎን ያማታል፤ አሁን ደረጃ ስትወርድም ይሰማታል። እናቷ ወደ አንድ የሕክምና ተቋም ወስዳት ነበር፤ ጉልበቷ ሳይዳሰስ “ዳንሱን ተይ” ተብላ ተመለሰች። ልጅቱ ሁለት ቀን አለቀሰች።

እግር ወደ ውጭ የሚዞረው በትክክል ከየት ነው? የትኞቹ ጡንቻዎችስ ያዞሩታል? ሌላም ልጨምር፦ እኔ ራሴ ደቭሎፔ (ጉልበት ታጥፎ ጭን ከተነሣ በኋላ እግርን በአየር ላይ ቀስ ብሎ መዘርጋት) ስሠራ እግሬ ከወገቤ ከፍታ አልፎ አይወጣም፤ ከዚያ በፊት የጭኔ ፊት ይኮማተርና ይይዘኛል። እግሬን በእጄ ይዤ ሳነሣው ግን ያለ ችግር ይወጣል። ይህስ ከምን የመጣ ነው?

ፊዚዮቴራፒስት ከግሽ ዓባይ

ጤና ይስጥልኝ። የገለጹት የፕሊዬ ልማድ የሕመሙ ምንጭ ሳይሆን አይቀርም። ምክንያቱን ለመረዳት ግን ከጉልበት በፊት ስለ ዳሌ መነጋገር አለብን።

የዳሌ መጋጠሚያ እንደ ሙቀጫና ዘነዘና ነው። የጭን አጥንት ክብ ራስ በዳሌው አጥንት ጎድጓዳ ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ ጭን ወደ ፊት፣ ወደ ኋላና ወደ ጎን ከመሄዱም በላይ በራሱ ዙሪያ መዞር ይችላል። ጉልበት ደግሞ በዋናነት የበር ማጠፊያ ነው። ታጥፎ ሳለ ቅልጥሙ ከጭኑ ሥር በተወሰነ መጠን መዞር ይችላል፤ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ ግን ጅማቶቹ ስለሚወጠሩና አጥንቶቹ ስለሚቆላለፉ ያ ዕድል ከሞላ ጎደል ይዘጋል። እንግዲህ ልጅቱ ጉልበቷን አጥፋ መዳፏን ከዳሌዋ አቅም በላይ ስትከፍት፣ ዳሌዋ ያልሰጣትን ትርፍ መዞር የሚሰጣት የታጠፈው ጉልበት ነው። ቀጥላ መዳፏ ወለሉን ቆንጥጦ እንደያዘ ጉልበቷን ስትዘረጋ፣ ማጠፊያው ተጠማዞ ሳለ እንዲዘጋ ይገደዳል። ጫናው የሚያርፈው በጉልበቱ ውስጠኛ ጎን ባለው ጅማትና በሁለቱ አጥንቶች መሐል እንደ ትራስ በተነጠፈው ለስላሳ አካል ላይ ነው። ልብ ብለው ቢያዩአት የእግሯ ቅስት ወደ ውስጥ ወድቆ፣ አውራ ጣቷ ወለሉን ሲጫን ሳያገኙት አይቀሩም።

ጭንን ወደ ውጭ የማዞር ዋናው ሥራ የስድስት አጫጭር ጡንቻዎች ነው። እነርሱም ፒሪፎርሚስ፣ ሁለቱ ኦብቱሬተሮች፣ ሁለቱ ጀሜለሶችና ኳድራተስ ፌሞሪስ ሲሆኑ፣ ከትልቁ የመቀመጫ ጡንቻ ሥር ተሸሽገው የጭኑን አጥንት አናት ከኋላ በኩል ይስባሉ። ትልቁ የመቀመጫ ጡንቻም ያግዛል፤ ነገር ግን ዋና ሥራው ጭንን ወደ ኋላ መግፋት ስለሆነ፣ ልጆች “መቀመጫችሁን ጨብጡ” ሲባሉ ዳሌያቸው ይቆለፍና እግራቸው ወደ ፊት ለመነሣት ይቸገራል። ከመጨበጥ ይልቅ ከመቀመጫቸው ግርጌ፣ ጭን ከሚጀምርበት አካባቢ፣ ጭናቸው ቀስ ብሎ ወደ ውጭ ሲጠቀለል እንዲሰማቸው ቢያደርጓቸው ይሻላል።

እነዚህ ጡንቻዎች የቱን ያህል ቢጠነክሩ የማያልፉት ወሰን አለ። የጭን አጥንት አንገት በአዋቂ ሰው በአማካይ 15 ዲግሪ ያህል ወደ ፊት ያዘነበለ ነው፤ ይህ ዝንባሌ የበዛበት ሰው እግሩ ወደ ውስጥ ማዞር ይቀለዋል፣ ወደ ውጭ ግን ቶሎ ይቆማል። የጎድጓዳው ጥልቀትና አቅጣጫም ከሰው ሰው ይለያያል። ከመጋጠሚያው ፊት ለፊት ደግሞ ከሰውነታችን ጅማቶች ሁሉ እጅግ ጠንካራ የሚባለው ኢሊዮፌሞራል ጅማት አለ፤ እርሱም መዞርን ይገታል። ዳሌ ወደ ፊት ሲያዘነብል ይህ ጅማት ስለሚላላ፣ ብዙ ተማሪዎች ወገባቸውን ወደ ውስጥ በማጉበጥ ጥቂት ዲግሪ ይሰርቃሉ፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን የታችኛው አከርካሪያቸው ነው። ይህን በተለይ እንዲጠብቁ አደራ እላለሁ፤ ከጉልበት ሕመም ቀጥሎ በወጣት ዳንሰኞች ላይ የማየው ችግር የወገብ ሕመም ነውና።

የልጅቱን ትክክለኛ አቅም ለማወቅ በሆዷ አስተኝተው ጉልበቷን 90 ዲግሪ ያጥፉት፤ ዳሌዋ ከወለሉ ሳይነሣ ቅልጥሟን ወደ ሌላኛው እግር አቅጣጫ ቀስ ብለው ያውርዱት። ቅልጥሙ ከቀጥታው መስመር ያዘነበለበት መጠን ዳሌዋ የሚሰጠው መዞር ነው። ቀጥሎም ካልሲ አድርጋ በሚያንሸራትት ወለል ላይ ጉልበቷን ዘርግታ ትቁምና በጡንቻዋ ብቻ እግሯን ታዙር፤ ወለሉ ስለማይይዝላት ማጭበርበር አትችልም። መሥራት የሚገባት በዚህ በሁለተኛው መጠን ነው። ጉልበቷ ካበጠ፣ ከተቆለፈ ወይም ከከዳት ግን የአጥንት ሐኪም ዳስሶ ሊመረምራት ይገባል።

የቀድሞ ዳንሰኛ

እህቴ፣ ስለ ጉልበቱ ከላይ የተጻፈው በቂ ስለሆነ ወደ ደቭሎፔሽ ልለፍ፤ እኔም ለዓመታት የታገልኩት ችግር ነው።

የጭንሽ ፊት የሚይዝሽ ሬክተስ ፌሞሪስ የሚባለው ጡንቻ ስለሚደክም ነው። ይህ ጡንቻ ከዳሌ ተነሥቶ በጉልበት ሎሚ በኩል ቅልጥም ላይ ስለሚያበቃ ሁለት መጋጠሚያ ይሻገራል፤ ጭንን ያነሣል፣ ጉልበትንም ይዘረጋል። በደቭሎፔ መጨረሻ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ስለምትጠይቂው ከሁለቱም ጫፍ ያጥራል፤ ያጠረ ጡንቻ ደግሞ ኃይል ስለሚያጣ ይኮማተራል። ከወገብ ከፍታ በላይ ጭንን የማንሣት ኃላፊነት የኢሊዮሶአስ ነው። እርሱ ከታችኛው አከርካሪ ጎንና ከዳሌው ውስጠኛ ገጽ ተነሥቶ፣ በብሽሽት አልፎ ከጭን አጥንት ውስጠኛ ጎን ይጣበቃል። በሥጋ ቤት ፊሌቶ የምንለው የበሬ ሥጋ የዚሁ ጡንቻ ዋና ክፍል ነው፤ ምን ያህል ጥልቅ ቦታ እንዳለ የገባኝ ይህን ሲነግሩኝ ነበር። እግርሽን በእጅሽ ስታነሺው መውጣቱ የኋላ ጭንሽ ጡንቻ እንዳልከለከለሽ ያሳያል፤ የጎደለሽ መተጣጠፍ ሳይሆን የዚህ ጥልቅ ጡንቻ ጉልበት ነው።

ወንበር ጫፍ ላይ ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ፤ ጉልበትሽ እንደታጠፈ፣ ወደ ኋላ ሳትጋደሚ ጭንሽን ከወንበሩ አንሥተሽ እስከ አሥር ቁጠሪ። ቀላል ይመስላል፤ በአምስተኛው ድግግሞሽ ግን ብሽሽትሽ ውስጥ የሚሠራውን ታገኚዋለሽ። ስትቆሚም ጉልበትሽን ከመዘርጋትሽ በፊት ጭንሽን የምትችዪውን ያህል ከፍ አድርጊው፤ ብዙዎች ጭኑ ዝቅ ብሎ ሳለ ጉልበቱን ቀድመው ስለሚዘረጉ ሸክሙን ሁሉ ለሬክተስ ፌሞሪስ ይተዉለታል።

እግር ወደ ጎን ሲነሣ መዞር ለውበት ብቻ የመጣ አይደለም። ከጭንሽ ጎን በእጅሽ የምትዳስሺው የአጥንት ጉብታ፣ እግሩ ሳይዞር ከተነሣ ከዳሌው አጥንት ጋር ይጋጫል፤ እግሩ ሲዞር ግን ጉብታው ወደ ኋላ ስለሚሄድ መንገዱ ይከፈታል። የቆምሽበትን እግርም አትርሺ፤ በዚያ በኩል ግሉቲየስ ሚዲየስ የሚባለው የዳሌ ጎን ጡንቻ ዳሌውን ካልያዘው፣ ሌላኛው ጎን ይወድቅና የተነሣው እግር ከፍታውን ያጣል። አራቤስክ ላይ (በአንድ እግር ቆሞ ሌላውን ወደ ኋላ ዘርግቶ ሲነሣ) ደግሞ ጭን ብቻውን ወደ ኋላ የሚሄደው ከ20 ዲግሪ ብዙም አይበልጥም፤ የቀረውን ከፍታ የሚሰጡት ወደ ፊት የሚያዘነብለው ዳሌና ወደ ኋላ የሚለጠጠው አከርካሪ ናቸው። ስለዚህ ልጆቹን “ዳሌያችሁን ፈጽሞ አታንቀሳቅሱ” እያልን እግራቸው 90 ዲግሪ እንዲደርስ መጠየቃችን የማይቻል ነገር መጠየቅ ነው።

ለተማሪሽ አንድ ነገር ንገሪያት። ባሌት በፈረንሳይ በሉዊ 14ኛ ቤተ መንግሥት ሥርዓት ሲይዝ፣ የዳንስ አካዳሚውም በ1661 ሲቋቋም፣ ዳንሰኞቹ እግራቸውን ዛሬ ከምናየው 180 ዲግሪ እጅግ ባነሰ መጠን ነበር የሚያዞሩት። 110 ዲግሪ ላይ በንጽሕና የቆመች ልጅ ባሌት እየሠራች ነው።

የስፖርት መምህር፣ ሺንብጥ

ልጄ፣ ከላይ በተጻፈው ሁሉ እስማማለሁ፤ እኔ የምጠይቅሽ ስለ ወለሉ ነው። አዳራሽሽ ሊሾ ነው? ዳንሰኛ ከዝላይ ስትወርድ ከክብደቷ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ኃይል ይመታታል። ይህን የሚያበርዱት ፕሊዬ ስትወርድ እየተለጠጡ ፍሬን የሚይዙት የጭን ፊትና የባት ጡንቻዎች ናቸው። ሊሾ ምንም ስለማይሰጥ ሥራው በሙሉ በእነርሱ ላይ ይወድቃል፤ ሲደክሙም ቅልጥምና ጉልበት ይቀበሉታል። በአግዳሚ እንጨቶች ላይ ጣውላ አስነጥፊ፤ ትንሽ ቦታ ቢሆንም ይበቃል። እስኪሠራ ድረስ ዝላዩን ቀንሺ።

የ13 ዓመት ልጅ ደግሞ በፍጥነት የምታድግበት ዕድሜ ላይ ናት። አጥንቷ ቀድሞ ይረዝማል፣ ጡንቻዋ ይከተላል፤ በዚህ መሐል ትናንት የቻለችው ዛሬ ቢያቅታት ስንፍና አይደለም። በዚህ ጊዜ መለጠጥን ከማብዛት ይልቅ ኃይሏን ማሳደግ ይጠቅማል።

አንድ መልካም ነገርም አይቻለሁ። ከገጠር የሚመጡ ተማሪዎቼ ከልጅነታቸው ጀምሮ ቁጢጥ ብለው መቀመጥ ስለለመዱ ቁርጭምጭሚታቸው በደንብ ይታጠፋል፤ ተረከዛቸው ሳይነሣ ፕሊዬ መውረድ አያስቸግራቸውም። እስክስታችንም ቢሆን ትከሻውና ደረቱ ሲሠሩ ጉልበቱ ላላ ብሎ ስለሚጠብቅ፣ ልጆቹ ጉልበት የማለስለስን ነገር ከቤታቸው ይዘውት ይመጣሉ። ከዚያ ብትነሺ ይቀልሻል።

የሐይቅ ዳር አሠልጣኝ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የተመለስኩት ውጤቱን ይዤ ለመቅረብ ነው። በሆዷ አስተኝቼ በስልኬ ማዕዘን መለኪያ ስለካ፣ ቀኝ ዳሌዋ 55፣ ግራዋ 45 ዲግሪ ገደማ ሰጠኝ፤ በካልሲ ቆማ ስታዞር ደግሞ ከሁለቱም አሥር አሥር ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። እስካሁን ግን የሁለት እግሮቿ ድምር 170 ዲግሪ ሆኖ ነበር የምትቆመው። በወለሉ ላይ በጠመኔ አዲሱን ማዕዘኗን ሠራሁላት፤ የመጀመሪያው ቀን ከፍቷት ነበር፣ አሁን ደረጃ ስትወርድ እንደማያማት ነግራኛለች። ጋሼ፣ አዳራሹ እንዳሉት ሊሾ ነው፤ ከአናጢ ጋር ተነጋግሬያለሁ። እህቴ፣ ጭኔን ቀድሜ ማንሣት ስጀምር መያዙ ቀርቶልኛል፤ ከፍታው ገና ነው።

የቀረኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ ሁለቱ ዳሌዎቿ እኩል ካልሆኑ በአምስተኛው አቋም የትኛውን ልከተል?

ፊዚዮቴራፒስት ከግሽ ዓባይ

ያነሰውን ይከተሉ። በአምስተኛው አቋም ሁለቱ መዳፎች ስለሚነባበሩ፣ ግራው ቀኙን ለመምሰል ሲሞክር ዳሌዋ በሙሉ ወደ አንድ ጎን ይጠመዘዛል ወይም ግራ ጉልበቷ ይጎዳል። ለጊዜው የፊት እግሯ ተረከዝ ከኋላ እግሯ መሐል ፊት ለፊት የሚውልበትን ሦስተኛ አቋም ትጠቀም። በጡንቻዋ በምታዞረውና ዳሌዋ በሚሰጠው መካከል ያለው የአሥር ዲግሪ ልዩነት በልምምድ ሊጠብ የሚችል ነው፤ በጎኗ ተኝታ፣ ጉልበቶቿን አጥፋ፣ ተረከዞቿን ሳትለያይ የላይኛውን ጉልበት ቀስ ብላ እየከፈተች ትዝጋ። ዳሌዋ ወደ ኋላ እንዳይንከባለል እጅዎን ወገቧ ላይ ያድርጉላት። ለግራው አንድ ዙር ይጨምሩለት፤ ከስድስት ሳምንት በኋላም እንደገና ይለኩ።