ምዕራፍ ሁለት ላይ ተገትሬ ቀረሁ፤ ምን ይሻለኛል?

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን የምማር የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን ምዕራፍ ሁለት ማስገባት ከነበረብኝ ሦስት ሳምንት አለፈ። እስካሁን የጻፍኩት ርዕሱን ብቻ ነው። እሱንም አራቴ ቀያይሬዋለሁ።

ሰነፍ ነህ እንዳትሉኝ። የጓደኞቼን አሳይመንት ሌሊቱን ሙሉ አግዛለሁ። የራሴን ስከፍት ግን ደረቴን የሆነ ነገር ይጫነኛል። ትናንት ማታ ጋቢዬን ተከናንቤ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ ከተማ ነው፣ ብርዱ ጣት ያደርቃል። "ሻይ ልጠጣና" ብዬ ወጣሁ። ስመለስ ቴሌግራም። ከዚያ ካልሲ አጠብኩ! በሌሊት፣ በደብረ ብርሃን ውሃ።

ፖሞዶሮ የሚሉትን፣ 25 ደቂቃ ሠርቶ 5 ደቂቃ ማረፍን ሞክሬዋለሁ። ለፈተና ጥናት ጠቅሞኛል። ለጽሑፍ ግን 25ቱን ደቂቃ ባዶ ገጽ ላይ አፍጥጬ እጨርሰዋለሁ። ስልኬንም ለዶርም ልጅ ሰጥቼ ነበር፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ለምኜ ተቀበልኩት።

አማካሪዬን ሳያቸው መንገድ እቀይራለሁ። ተቆጥተውኝ እንኳ አያውቁም፤ የባሰውም እሱ ነው። እናቴ ደግሞ ከመንዝ እየደወለች "ጨረስክ ወይ ልጄ?" ትለኛለች። "ትንሽ ቀረኝ" እላታለሁ።

ከዚህ የወጣችሁ ካላችሁ፣ የመጀመሪያዋን አንቀጽ እንዴት ጻፋችኋት? ደግሞስ ባዶ እጄን አማካሪዬ ጋ ብሄድ ምን ብዬ ልጀምር? ሰኞ ጠዋት ቢሮ ይገባሉ።